የአሜሪካ ካሴት ጥቁርና ነጭ ከሆነባችሁ

ደሴ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ላላችሁ። ከአሜሪካ የመጣ የሰርግ ሚኒ ዲቪ (ትንሽ ዲጂታል የቪዲዮ) ካሴት ከነካሜራው ያመጡላችኋል። ቢጫውን ገመድ ቲቪው ላይ ስትሰኩት ሙሽራዋ ጥቁርና ነጭ ሆና ወደ ላይ ትንከባለላለች። "ካሴቱ ተበላሽቷል" ብላችሁ እንዳትመልሱት! እኔ አንዴ ለትንሽ ነው የተረፍኩት።

የቲቪውን ሜኑ ክፈቱና የከለር ሲስተሙን ከፓል (ከእኛ አገሩ) ወደ ኤንቲኤስሲ (ወደ አሜሪካው) ወይም አውቶ ቀይሩት። ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጡ ከሆነ ሶፍትዌሩ ላይም እንደዚያው።

የእኛ ፓል 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው። የአሜሪካው 525 መስመር፣ 29.97 ፍሬም፤ ምስሉ የሚንከባለለው ለዚህ ነው። ቀለሙን የሚሸከመው ሞገድም ይለያያል፤ የእኛ 4.43 ሜጋኸርዝ፣ የእነሱ 3.58። ቲቪው ቀለሙን በለመደው ቦታ ፈልጎ ሲያጣው ብርሃንና ጥላውን ብቻ ያሳያል። ካሴቱ ላይ ያለው ዲጂታል ዳታ ግን ምንም አልሆነም። እንዲያውም ፋየርዋየር (ዲጂታል ዳታውን ከካሜራ የሚቀበል መሰኪያ) ያለው ኮምፒውተር ካገኛችሁ ቢጫውን ገመድ ተዉት፤ ዳታው እንዳለ ይገለበጣል። ፕሮጀክቱን ኤንቲኤስሲ ማድረግ ብቻ አትርሱ።

ምስሉ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከተበተኑ ግን ይሄ ዘዴ አይሠራም። እሱ የቆሸሸ ሄድ (ካሴቱን የሚያነበው የካሜራው ክፍል) ወይም ያረጀ ካሴት ነው። ደግሞ ካሜራውን ከደሴ ብርድ ኮምቦልቻ አውርዳችሁ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ወዲያው እንዳትከፍቱት። ሰዓት ያህል ይረፍ። ውስጡ ጤዛ ከያዘ ካሴቱ ከሚሽከረከረው ሄድ ጋር ይጣበቃል።