መጨረሻ የሌለው ዌብ ሲሪስ ከመጀመራችሁ በፊት፦ የተመልካች አስተያየት እንዴት ይነበባል?

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ቀን ደረሰኝ ከደረሰኝ ሳመሳክር እውላለሁ። ማታ ማታ ደግሞ አንድ ሱስ አለብኝ፤ አንድ ሲዝን ወጥተው ድምፃቸው የጠፋ የሳይንስ ፊክሽን ዌብ ሲሪሶችን (በኢንተርኔት የሚለቀቁ ተከታታይ ድራማዎችን) እያደንኩ አያለሁ። አብዛኞቹ አይረቡም። የሚረቡት ደግሞ እንጥልጥል ላይ ይቀራሉ። ታናሽ ወንድሜ «እንደማይቋጭ እያወቅሽ ምን ያስጀምርሻል?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን ዝም ብዬ አልጀምርም። መጀመሪያ ከእኔ በፊት ያዩት ሰዎች የጻፉትን አነባለሁ። ማንበቡ ራሱ ዘዴ አለው። ዘዴው እስኪገባኝ ብዙ ሌሊት አቃጥያለሁ።

በቁጥሩ አትጀምሩ። «ከ10 8.2» የሚል ስታዩ ልባችሁ ቶሎ አይሸነፍ። ትንሽ ሲሪስ ላይ ብዙ ጊዜ ቀድመው ድምፅ የሚሰጡት የሠሪዎቹ ወዳጆች ናቸው። ከዚያ ደጋፊው ይከተላል። ሲሪሱ ሲቋረጥ ደግሞ ለቅሶ ደራሹ ይጨመራል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ? በሕይወት እያለ 6 የነፈገው ሰው፣ ሲቋረጥ 9 ይሰጠዋል።

ላይክም ብዙ አያስተማምንም። ዩቲዩብ ድሮ ባለ 5 ኮከብ መስጫ ነበረው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ2009 ድርጅቱ ራሱ እንደተናገረው፣ ኮከብ የሚሰጠው ሰው አብዛኛው 5 ነበር የሚሰጠው። በ2010 በላይክና በዲስላይክ ተካው። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የዲስላይኩ ብዛት ለተመልካች አይታይም። ስለዚህ የምታዩት የአንድ ወገን ጭብጨባ ነው። እኔ ገቢ ብቻ ተጽፎበት ወጪ የሌለበት መዝገብ ቢያመጡልኝ አልፈርምም።

የክፍል በክፍል ነጥብ ዋናው ወጥመድ ነው። አንድ ጊዜ ክፍል 1 ላይ 6 ገደማ፣ መጨረሻው ክፍል ላይ 9 የሚል ሲሪስ አገኘሁ። «እየቆየ ይጣፍጣል ማለት ነው» ብዬ ገባሁ። ሁለት ሌሊት ፈጀሁ። ምንም አልጣፈጠም! ለካ የጠሉት ሰዎች ክፍል 2 ላይ ትተውት ሄደዋል። መጨረሻ ድረስ ተቀምጠው ነጥብ የሰጡት አፍቃሪዎቹ ብቻ ነበሩ። አሁን ከነጥቡ ጎን የድምፅ ሰጪውን ብዛት አያለሁ። መጀመሪያ ላይ 400 ሰው፣ መጨረሻ ላይ 40 ሰው ካለ፣ ያ 9 የ40 ሰው 9 ነው። የቀሩት 360 ምን እንዳሉ ለማወቅ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሥር ሂዱ።

ከቁጥሩ ወደ ጽሑፉ ስትሻገሩ ባለ 10ሩንና ባለ 1ዱን ለጊዜው እለፏቸው። ባለ 5፣ ባለ 6 እና ባለ 7 ላይ ተቀመጡ። «ወድጄዋለሁ ግን...» የሚለው ሰው ወርቅ ነው። ከዚያ «ግን» በኋላ የሚመጣው ነገር እናንተን ያናድዳችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ቀጥሎ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ይሄ ሰው የት ነው ያቆመው? መቼስ ነው ያየው? «ኤች ፕላስ»ን እንውሰድ። ከነሐሴ 2012 እስከ ጥር 2013 በዩቲዩብ የወጣ፣ 48 አጫጭር ክፍሎች ያሉት ሲሪስ ነው። ሰዎች ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኛቸውን ኮምፒውተር ሰውነታቸው ውስጥ አስተክለዋል፤ ከዚያ ቫይረስ ይገባበታል። ታሪኩ ግን በጊዜ ቅደም ተከተል አይሄድም፤ ወደፊትም ወደኋላም ይዘላል። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ «ግራ ያጋባል» የሚል አስተያየት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ክፍል 3 ላይ ግራ የተጋባ ሰው እንዲጋባ የተፈለገ ነው። ክፍል 40 ላይ ግራ የተጋባ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። «ቀርፋፋ ነው» የሚለውም እንደዚሁ። ጥቂት ደቂቃ አይቶ ቀጣዩን ክፍል ቀናት የጠበቀ ሰው ቢማረር አልፈርድበትም። እናንተ ግን አከታትላችሁ ነው የምታዩት።

ዌብ ሲሪስ ባይሆንም «ፋየርፍላይ»ን የማልረሳው ለዚህ ነው። በ2002 በቴሌቪዥን ሲተላለፍ መክፈቻው ክፍል የታየው መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ «እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?» ብሎ ያማረረ ተመልካች ባየው ነገር ላይ ልክ ነበር። ዛሬ በትክክለኛው ተራ የሚያየው ሰው ግን ያ ቅሬታ አይመለከተውም።

ስሙን ብቻ አይታችሁም አትመኑ። «ሳንክቹዋሪ» በ2007 በ8 አጫጭር የኢንተርኔት ክፍሎች ጀምሮ በ2008 ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ፤ እዚያ 4 ሲዝን ቆየ። አንድ ስም፣ ሁለት ሥራ። የማን አስተያየት ስለ የትኛው እንደሆነ ካልለያችሁ ስለማታዩት ነገር ነው የምታነቡት።

አሁን ማስታወሻ ደብተር አውጡ። እኔ ገጹን ሦስት ዓምድ አደርገዋለሁ፦ ታሪኩ፣ አሠራሩ፣ መቋረጡ። እያንዳንዱን አስተያየት አንብቤ የሚገባበት ዓምድ ውስጥ በአንድ መስመር አሰፍራለሁ። መጀመሪያ የሚሞላው ሁልጊዜ ሦስተኛው ነው። «1 ኮከብ። ሲዝን 2 የት አለ?» የሚል ሰው ሲሪሱን አልጠላም። እንዲያውም ከሁሉም በላይ የወደደው እሱ ነው። ያን ዓምድ ስትሰርዙት የሚቀረው ስለ ሥራው የተባለው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ይሆናል።

አሠራሩ ላይ ትንሽ ፍርድ ያስፈልጋል። በ2010 የጀመረው «ፓዮኒር ዋን» በተመልካች መዋጮ የተሠራ ባለ 6 ክፍል ሲሪስ ነበር። እንዲህ ያለውን ከትልቅ ስቱዲዮ ሥራ ጋር አወዳድሮ «ኢፌክቱ ደካማ ነው» የሚልን ሰው እኔ አልፈዋለሁ። ድምፅ ላይ ግን አልደራደርም። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች «ንግግሩ አይሰማም» ካሉ አይሰማም ማለት ነው። ደካማ ኢፌክትን ዓይን ይለምደዋል፤ ደካማ ድምፅን ጆሮ አይለምደውም።

የቀረው መጨረሻው ነው። «መጨረሻ የለውም» የሚለው ቃል ሁለት የተለያየ ነገር ይሸፍናል። አንዳንዱ ሲሪስ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሶ አዲስ ጥያቄ ከፍቶ ይቆማል። ይሄ ይቻላል። ሌላው የመጀመሪያውን ጥያቄ ራሱን ሳይመልስ ይጠፋል። ይሄኛው እንቅልፍ ይነሳል። ልዩነቱን ያለ ስፖይለር (ታሪኩ አስቀድሞ ሳይገለጥብኝ) ለማወቅ እኔ የመጨረሻውን ክፍል አስተያየቶች የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ አነባለሁ፤ ሁለተኛውን በእጄ እሸፍናለሁ። ሰዎቹ «ቀጣዩ ምን ይሆን?» እያሉ ከሆነ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። «ታዲያ ያ ሁሉ ምን ነበር?» ካሉ ሁለተኛው ነው። አንዴ እጄ ተንሸራቶ ገዳዩን አወቅኩት፤ አሁን በወፍራም ካርቶን ነው የምሸፍነው።

ትናንት ማታ ስለ አንድ ሲሪስ 23 አስተያየት አነበብኩ። 14ቱ ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ ገቡ። ከቀሩት 9 ውስጥ ሁለት ባለ 6 ሰዎች ስለ አንድ ትዕይንት ተጣልተዋል። አንዷ ሮቦቱ ዋሸ ትላለች። ሌላው አልዋሸም፣ አልገባውም ይላል። ሁለቱም እስከ መጨረሻው አይተውታል፣ ሁለቱም ደቂቃውን ጠቅሰዋል። ዛሬ ከእራት በኋላ ክፍል 1ን እጀምራለሁ። ወንድሜ እንዳይሰማ።