ሲኒየር ኤሴይ ከመጀመራችሁ በፊት፦ ላይብረሪ ውስጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ በፈተና ሰሞን ላይብረሪ መግባት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ገና በውርጩ ደብተር ተጥሎ ቦታ ይያዛል፤ ከዚያ እስከ ማታ ችከላ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ግን ከዶርም የመጣ ሃንድአውት ነው። ሲኒየር ኤሴይ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናቱ፣ ሲደርስ ጉዱ ይወጣል።

የመጀመሪያው ስህተት ዘግይቶ መሄድ ነው። ብዙዎች የላይብረሪ ባለሙያ ፍለጋ የሚወጡት አድቫይዘሩ ጽሑፉን ቀይ በቀይ አድርጎ ከመለሰ በኋላ ነው። ርእሱ ሳይጸድቅ ሂዱ። ተሠርቶ ያለቀ ነገር መርጣችሁ ከሆነ ያኔ መቀየር ቀላል ነው።

ሌላው “ስለ በግ የተጻፈ አለ?” ብሎ መጠየቅ ነው። እንዲህ ከጠየቃችሁ መደርደሪያ ትጠቆማላችሁ፣ በቃ። “የመንዝ በግ ግልገሎች ለምን እንደሚሞቱ ላጠና ነው፤ በእነዚህ ቃላት ፈልጌ ይህን አገኘሁ” በሏቸው። ደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል በበግ ላይ ለዓመታት ሠርቷል። ኢንተርኔት ላይ ያልወጣ ሪፖርት እንዴት እንደሚገኝም አብራችሁ ጠይቁ።

ፍለጋው ላይ የእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። የቦታ ስሞቻችን በላቲን ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ የላቸውም። ሸዋን አንዱ በ“ኢ” (Shewa) ይጽፈዋል፣ ሌላው በ“ኦ” (Shoa)። መንዝም አንዴ በ“ኢ” (Menz) አንዴ በ“ኤ” (Manz) ነው። ደብረ ብርሃንማ አይነሳ! በአንዱ ብቻ ፈልጎ “በዚህ አካባቢ ጥናት አልተሠራም” ብሎ ፕሮፖዛል ላይ ማስፈር ራስን ማጋለጥ ነው። ገምጋሚው በሌላኛው አጻጻፍ ፈልጎ ያፈርስባችኋል። አጻጻፎቹን በእንግሊዝኛው “ኦር” (OR) አገናኝታችሁ ባንዴ ፈልጉ፤ ሁለት ቃል የሆነውን ስም በትምህርተ ጥቅስ ክተቱት። ዓመቱንም አትርሱ፤ የእኛ የ1977 ድርቅ በፈረንጆቹ ጽሑፍ 1984 ወይም 1985 ተብሎ ነው የሚገኘው።

ጽሑፉ ያለበት ድረ ገጽ ዶላር ሲጠይቅ ተስፋ መቁረጥስ? ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ፕሮግራም አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ተቋማት ተመዝግበው የጤናውን ሂናሪን፣ የግብርናውን አጎራን የመሳሰሉ ስብስቦችን በነፃ ይጠቀማሉ። የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋሙ ስለሆነ ጎግል አያወጣላችሁም። ላይብረሪ ገብታችሁ “አለን ወይ?” በሉ።

የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፣ ግን ያስቀጣል፦ የማጣቀሻ ዝርዝሩን በመጨረሻው ሌሊት መሥራት። ማጣቀሻ የሚያደራጁት ዞቴሮና ሜንዴሌይ የተባሉ ሶፍትዌሮች በነፃ ይገኛሉ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩባቸው። ብቻ እነሱ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥረው ወደ ፊት ያመጡታል። አንዳንድ ዲፓርትመንት ይህን ይቀበላል፤ አንዳንዱ የኢትዮጵያውያንን ስም እንዳለ ይፈልጋል። የእናንተ የቱን እንደሚፈልግ ሃምሳ ማጣቀሻ ከማስገባታችሁ በፊት ጠይቁ።