ስፐርም እርስ በርሱ ሲጣበቅ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ምልክት፦ ጥንዶቹ ከዓመት በላይ ልጅ ፈልገው አላገኙም፤ የሴቷ ምርመራ ደህና ነው፤ የባልየውም የስፐርም ብዛት በቂ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን ብዙዎቹ ስፐርሞች ጭንቅላት ለጭንቅላት ወይም ጭራ ለጭራ ተያይዘው ባሉበት ይንቀጠቀጣሉ እንጂ ወደፊት አይሄዱም።

መንስኤ፦ ስፐርም መመረት የሚጀምረው በጉርምስና፣ ማለትም የመከላከያ ሥርዓቱ የራሱን አካል ለይቶ ካወቀ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ስለዚህ በቆለጥ ውስጥ ያለ ግርዶሽ ከደም ለይቶ ይጠብቀዋል። ግርዶሹ በአደጋ፣ በቆለጥ መጠምዘዝ ወይም በቀዶ ሕክምና ሲጣስ ሰውነት ስፐርሙን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካላት ያመርትበታል፤ እነዚህም ስፐርሞቹ ላይ ተለጥፈው እርስ በርስ ያጣብቋቸዋል። ቫዜክቶሚ (የስፐርም ማስተላለፊያ ቱቦን የመቁረጥ ቀዶ ሕክምና) አድርገው በኋላ ቱቦውን ባስቀጠሉ ወንዶች ላይ ይህ በብዛት ይታያል።

ማረጋገጫ፦ መጣበቅ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ኢንፌክሽንም ያጣብቃል፤ ስፐርሙ ከንፍጥ ወይም ከሌሎች ሕዋሳት ጋር ከተያያዘ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የደም ምርመራ ብቻውን አይበቃም፤ ወሳኙ ስፐርሙ ላይ የተለጠፈው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ኤምኤአር በሚባለው ምርመራ ትኩስ የዘር ፈሳሽ ከጥቃቅን እንክብሎች ጋር ይቀላቀላል፤ ፀረ እንግዳ አካል የተለጠፈበት ስፐርም እንክብሎቹን ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከሚንቀሳቀሱት ስፐርሞች 50 በመቶው ወይም ከዚያ በላይ እንክብል ከያዙ ችግሩ ክብደት ይሰጠዋል።

መፍትሄ፦ ኢንፌክሽን ካለ አስቀድሞ ይታከማል። ፕሬድኒሶሎንን የመሰሉ የመከላከያ ሥርዓቱን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ለወራት ሲወሰዱ ጥቅማቸው አስተማማኝ ሳይሆን የዳሌ መገጣጠሚያ አጥንትን እስከማበላሸት ሊደርሱ ስለሚችሉ፣ በእኔ እምነት የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆኑ አይገባም። ስፐርሙን ማጠብም ቢሆን አጥብቆ የተለጠፈውን አያስለቅቅም።

የፀረ እንግዳ አካላቱ መጠን አነስተኛ ከሆነ ስፐርሙን በቀጥታ ማህፀን ውስጥ ማስገባት የማህፀን በርን ንፍጥ ስለሚያሳልፈው መሞከር ይቻላል። መጠኑ ከፍ ካለና በተለይ ጭንቅላቱ ላይ ከተለጠፈ፣ በተለመደው አይቪኤፍ (እንቁላልና ስፐርምን ከሰውነት ውጭ በላቦራቶሪ ማገናኘት) እንኳ ስፐርሙ የእንቁላሉን ሽፋን መያዝ ሊያቅተውና እንቁላሎቹ ሳይጸነሱ ሊቀሩ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ የሚመረጠው በ1992 ከብራስልስ የመጀመሪያዎቹ እርግዝናዎች የተዘገቡበት ኢክሲ ነው፤ አንድ ስፐርም በቀጭን መርፌ እንቁላሉ ውስጥ ስለሚገባ ሽፋኑን ራሱ መብሳት አይጠበቅበትም።

ኢክሲ ተሠርቶ እርግዝና ካልመጣ ግን ጥፋቱን በፀረ እንግዳ አካላቱ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም፤ ሐኪሙ የሴቷን ዕድሜ፣ የጽንሱን ጥራትና ማህፀኑን ሊመረምር ይገባል።