መስመር ከመቀየራችሁ በፊት፦ ሀዋሳ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

“ይሄን መስመር ልጣለው እንዴ?” የሚል ጥያቄ በሳምንት አንድ ሁለቴ ሳልሰማ አላልፍም። ባጃጅ ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረውን ክብ እያሳየኝ ነው የሚጠይቀኝ።

ጥያቄው ራሱ ለእኛ አዲስ ነው። እስከ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በአገራችን የሞባይል አገልግሎት ይሰጥ የነበረው ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ድሬዳዋ ላይ ጀመረ፤ በመስከረም 2015 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራውን አበሰረ። ከዚያ ወዲህ ከ09 ጎን 07 መጣ። አማራጭ መኖሩ ጥሩ ነው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ችግሩ ስልክን በተመለከተ መምረጥ የለመድነው ነገር አይደለም። ስለዚህ ብዙ ሰው በችኮላ ይወስናል፣ ከወር በኋላ ይጸጸታል።

የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሱ እናንተ ቤት ነው ያለው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሰዎች ሲወስኑ የሚሠሯቸውን ስህተቶች ነው። አንዳንዶቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

በሌላ ሰው ስልክ መወሰን

“ጓደኛዬ ፒያሳ ቁጭ ብሎ ቪዲዮ ሳይቆረጥበት ያያል” ይላችኋል። ጓደኛው ፒያሳ ነው፣ እሱ የሚያድረው ዳቶ ነው። ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ከተማ ስም ይጠሩ እንጂ ለስልክ አንድ አይደሉም። የአንቴናው ርቀት ይለያያል። መሃል ላይ እንደ ታቦር ያለ ኮረብታ ወይም ፎቅ ሊኖር ይችላል። የቤቱ ግድግዳ ብሎኬት ነው ወይስ ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ወይስ ሌላ፣ ይህም ለውጥ ያመጣል። ቆርቆሮ ሲግናሉን ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

የእኔን ቤት ላሳያችሁ። አቶቴ አካባቢ ነው የምኖረው። በሩ ላይ ስቆም ስልኬ አራት የሲግናል መስመር ያሳያል። ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ስገባ ሁለት ይሆናል። አልጋው ጋ ስደርስ አንድ ትቀራለች፣ እሷም ትመጣለች ትሄዳለች። አዲስ ሲም አውጥቼ ስሞክር በሩ ላይ ደካማ የነበረው አልጋዬ ላይ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። ምክንያቱ ቀላል ነው። የአንዱ አንቴና ከቤቴ ፊት ለፊት፣ የሌላው ከኋላ በኩል ነው። ጎረቤቴ ደግሞ በሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሆነ የእሱ ውጤት የተገላቢጦሽ ነበር። በአንድ ግቢ ውስጥ!

ሌላው የሚያሳስት ነገር እነዚያ መስመሮች ናቸው። መስመሮቹ የሚነግሩን አንቴናው ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ብቻ ነው። ስንት ሰው አብሮን እየተጠቀመ እንደሆነ አይነግሩንም። ስለዚህ መስመሩ ሙሉ ሆኖ ኔቱ ላይሄድ ይችላል። በተለይ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲይዝ።

ስለዚህ ራሳችሁ ሞክሩ። አዲስ ሲም አውጡና የአንድ ቀን ጥቅል ግዙ፣ ወይም ከምታምኑት ሰው ሲም ለአንድ ማታ ተዋሱ። ሦስት ቦታ ላይ ሞክሩት፦ የምትተኙበት፣ የምትሠሩበት፣ በየቀኑ የምትመላለሱበት መንገድ። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ውጤቱን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ በቃል የተያዘ ነገር ሁልጊዜ ወደ ፈለግነው ያደላል።

ስትሞክሩ ደግሞ የምትኖሩበትን ነገር ሞክሩ። የፍጥነት መለኪያ አፕ የሚያወጣውን ቁጥር ብዙም አልወደውም። ቤሩት ወይም ዱባይ ካለች እህታችሁ ጋር በኢሞ የምታወሩ ከሆነ አምስት ደቂቃ በኢሞ አውሩ። የቪዲዮ ጥሪ መቀበል ብቻ ሳይሆን መላክንም ይጠይቃል፤ ሳይወዛወዝ መቆየትንም ይጠይቃል። ፊልም ለማውረድ የሚበቃ ኔት ለቪዲዮ ጥሪ ላይበቃ ይችላል።

የስልክን ጥፋት ለኔትወርኩ መስጠት

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ስልካቸውን ይዘው መጡ።

“ልጄ፣ ይሄ ነገር ሞቷል። ሌላ ሲም ላወጣ ነው።”

“ጋሼ፣ እስኪ አንዴ ልየው።”

ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። የኔትወርክ ምርጫው “3ጂ ብቻ” ላይ ተቀምጧል። ማን እንዳደረገው አይታወቅም፤ ምናልባት የልጅ ልጅ ሲጫወት። ወደ 4ጂ ቀየርኩላቸው። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። የልጃቸው ፎቶዎች ተራ በተራ ይገቡ ጀመር።

“ታዲያ ለምን ሳይነግሩኝ ቆዩ?” አልኳቸው።

“እኔማ ቴሌ ነው ብዬ” አሉኝ። ከአንድ ኩባንያ ሌላ በሌለበት ዘመን የኖርን ሰዎች ሁላችንም እንዲህ ነን።

ስለዚህ መጀመሪያ ስልኩን እዩ። ብዙ ዓመት የቆየ ሲም 4ጂን ላይደግፍ ይችላል፤ መታወቂያ ይዛችሁ ሄዳችሁ ቁጥሩ ሳይቀየር ሲሙን ማስቀየር ይቻላል። አንዳንድ ባለሁለት ሲም ስልኮች ላይ ሁለተኛው ማስገቢያ ከመጀመሪያው ደካማ ነው፤ ሲሞቹን አቀያይሩና እዩ። ከውጭ የመጣ ስልክ ከሆነ ሎክ (በአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ እንዲሠራ የተቆለፈ) አለመሆኑን አረጋግጡ። ከሁሉም ቀላሉ መፈተኛ ግን ይሄ ነው፦ ሲማችሁን አውጥታችሁ ሌላ ሰው ስልክ ውስጥ ክተቱት። እዚያ በደንብ ከሠራ ጥፋቱ የስልኩ ነው።

የጥቅሉን ዋጋ ብቻ ማየት

ይሄን ባጭሩ ልበል። ርካሽ የሚባለው የተገዛው ሳይሆን የተጠቀማችሁበት ነው። ለሂሳብ እንዲቀል፣ 100 ብር ከፍላችሁ 2 ጊጋ ገዛችሁ እንበል። ጊዜው ሲያልቅ 1 ጊጋ ተርፎ ጠፋ። አንዱን ጊጋ የገዛችሁት በ100 ብር ነው እንጂ በ50 አይደለም። የሌሊት ጥቅል ለሚተኛ ሰው አይጠቅምም። ቦነስም እንዲሁ፤ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ካልታየ ቁጥር ብቻ ነው።

ስልካችሁ ውስጥ ባለፈው ወር ስንት ዳታ እንደበላችሁ የሚያሳይ ቦታ አለ። እሱን ክፈቱ። ብዙ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ወይም እጥፍ የሆነ ቁጥር ያገኛል። የድምፅ ጥቅል ላይ ደግሞ ወደ ሌላው ኩባንያ መስመር መደወል ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለውን አንብቡ። የምትደውሉላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሌላኛው መስመር ላይ ከሆኑ ይሄ አንድ መስመር ጽሑፍ ከዋጋው በላይ ይመዝናል።

የሚደውሉላችሁን ሰዎች መርሳት

እናቴ የምትኖረው በንሳ፣ ገጠር ነው። ስልኳ ባለቁልፍ ነው። ማንበብ አትችልም። የጎረቤት ልጅ የእኔን ቁጥር ቁልፍ 2 ላይ አስቀምጦላታል፣ የታናሼን 3 ላይ። እኔን ስትፈልግ 2ን ረዘም አድርጋ ትጫናለች። ሌላ ዘዴ የላትም። የማታውቀው ቁጥር ሲደውል ደግሞ አታነሳም። “ማን እንደሆነ ሳላውቅ ምን ብዬ ላውራ?” ትላለች፤ እውነቷን ነው።

እኔ ሀዋሳ ቁጭ ብዬ ቁጥር ስቀይር፣ እዚያ ቁልፍ 2ን የሚቀይርላት ሰው ሄዶ መገኘት አለበት። ይሄን ሳስብ ነው ብዙ ነገር የገባኝ። ሀዋሳ ውስጥ የምንኖር ብዙዎቻችን አንድ እግራችን ይርጋለም፣ አለታ ወንዶ፣ ወላይታ ወይም ሌላ ገጠር ነው። ልትገቡበት ያሰባችሁት መስመር እዚያ ይስባል? በዓል ላይ ስትሄዱ ሞክሩት። እዚያ ካልሳበ፣ በለቅሶ ቀን የማትገኙ ሰው ትሆናላችሁ።

በንዴት መወሰን

አንድ ቀን ሙሉ ኔት ሲጠፋ ሲም ሰብሮ የሚጥል ሰው አውቃለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲቆይ የአንቴናው ባትሪ ያልቃል፤ መንገድ ሲቆፈር ፋይበር ይቆረጣል። እንዲህ ያለው በየትኛውም ኩባንያ ላይ ይደርሳል። ሁለት ሳምንት ታገሡ። የጠፋበትን ቀንና ሰዓት መዝግቡ፣ ደንበኞች አገልግሎት ደውላችሁ ሰፈራችሁን ጠቅሳችሁ አመልክቱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በየማታው ከተደገመ ያኔ ንዴት ሳይሆን ምክንያት ይዛችኋል።

የድሮውን ሲም መጣል

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ታናሽ እህቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ ትሠራለች። አዲስ ሲም አወጣች፣ ወደደችው፣ የድሮውን ከስልኳ አውጥታ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። ቤት ስትቀይር ሲሙ ጠፋ። ማንም ግድ አልሰጠውም።

ከብዙ ወራት በኋላ ስልኳ ተሰበረና ሌላ ገዛች። የባንክ አፑን ስትጭን “ወደ ቁጥርዎ ኮድ ልከናል” አላት። የትኛው ቁጥር? የድሮው። በእኔ ስልክ ደወለችበት። ጠራ። አንድ ወንድ አነሳ።

“ሄሎ፣ ማን ልበል?”

እህቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ዝም አለች። ለረጅም ጊዜ ካርድ ያልተሞላበትና ያልተደወለበት ቁጥር ይዘጋል፤ ከዚያ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ሰውየው ቁጥሩን በሕጋዊ መንገድ ነው ያገኘው፣ ጥፋት የለበትም። ጨዋም ነበር። “የብር መልእክት ሲመጣብኝ ግራ ገብቶኝ ነበር” አላት። ደመወዟ በገባ ቁጥር እሱ ያይ ነበር ማለት ነው።

ባንኩ ጋ መታወቂያ ይዛ ሄዳ አስተካከለች፤ ግን ሁለት ቀን ከሥራ ቀረች፣ የሁለቱም ቀን ተቆረጠባት። ያን ማታ አብረን ቁጭ ብለን ቁጥሯ የት የት እንደተሰጠ ጻፍን። ባንክ። ቴሌብር። ፋይዳ። ቴሌግራም። የጉግል አካውንት። የእቁብ ሰብሳቢዋ። የዕድሩ ጸሐፊ። አከራይዋ። የልጇ መዋለ ሕፃናት። የፓርኩ የሰው ኃይል ክፍል። ጤና ጣቢያ ያለው ካርድ። እየጻፍን ሌላ ይታወሰን ነበር።

ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። መጀመሪያ የድሮው ሲም ስልክ ውስጥ እያለ ሁሉንም ቦታ ቀይሩ፣ ከዚያ አውጡት። አብዛኛው ቦታ ቁጥር ለመቀየር ኮድ የሚልከው ወደ ድሮው ቁጥር ነው። ፋይዳ ላይ ያለውን ቁጥር ማስቀየር አትርሱ፤ ማረጋገጫ ኮዱ በዚያ ቁጥር ነው የሚመጣው። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ቁጥር መቀየሪያ አለው፣ የተጻጻፋችሁት ሁሉ እንዳለ ይቀጥላል። ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃሉንም አብራችሁ አብሩት፤ አለበለዚያ ቁጥራችሁን ያገኘ ሰው ኮድ አስልኮ ሊገባ ይችላል። ቴሌብር ወይም ኤምፔሳ ውስጥ ብር ካለ አውጡ፣ የተበደራችሁት ካለ ክፈሉ። ባጃጅ የምትነዱ ከሆነ ነዳጅ የምትከፍሉበት ስልክ የትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ ምንም አትንኩ።

ሲሙ በማን ስም እንደወጣ ደግሞ እዩ። በወንድም፣ በቀድሞ አሠሪ፣ በደላላ ስም የወጣ ብዙ ነው። ሲጠፋ ማስመለስ የሚችለው መታወቂያው ላይ ስሙ ያለው ሰው ብቻ ነው።

አንዱን የግድ መተው አለብኝ ብሎ ማሰብ

አብዛኛው ስልክ ሁለት ሲም ይይዛል። የድሮውን ለጥሪና ለባንክ፣ አዲሱን ለዳታ ማድረግ ይቻላል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። አንዳንድ ስልክ ሁለተኛውን ሲም የሚያስገባው ሜሞሪው በሚገባበት ቦታ ነው፣ ስለዚህ ፎቶዎቻችሁን አስቀድማችሁ ወደ ስልኩ ገልብጡ። በአንዱ ሲም ስታወሩም የሌላው ዳታ በብዙ ስልክ ላይ ይቋረጣል፤ ስትዘጉ ይመለሳል።

የድሮው እንዳይዘጋ በየወሩ ትንሽ ካርድ ሙሉበት፣ አንዴም ደውሉበት። እኔ የወሩ መጀመሪያ እሑድ ጠዋት በእሱ ለእናቴ እደውላለሁ። እሷም የእኔ መሆኑን ስለምታውቅ ታነሳለች።