ለምርቃት ፎቶ ከመስማማትዎ በፊት

«ለአንድ ሰዓት ይህን ያህል?» ይሉኛል ለምርቃት ፎቶ የሚመጡ ቤተሰቦች። ማንሳቱ አዎ፣ አንድ ሰዓት ነው። ግን 15 ፎቶ ከመረጡ፣ አንዱን ለማስተካከል 20 ደቂቃ ይፈጅብኛል። 5 ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ማለት ነው። የጥቁሩ ጋውን እጥፋት እንዳይጠፋ፣ ፊትዎም እንዳይነጣ እያየሁ ነው የምሠራው። ፊት የሚያነጣ ኤዲት አልወድም፤ እናትዎ ሲያዩት ልጃቸውን ማግኘት አለባቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ስንት ፎቶ ኤዲት እንደሚደረግ ይጠይቁ። ሶፍት ኮፒው አብሮ ይሰጣል? ርካሽ የመሰለ ዋጋ እዚህ ጋ ነው የሚያድገው። ህትመትና ፍሬምስ ለብቻ ነው? ማንሳቱ ከስቱዲዮ ውጭ ከሆነ ትራንስፖርቱ በማን ነው? ቀብድ ሲከፍሉ ፎቶውን የሚረከቡበትን ቀን ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።