«ገባችሁ?» ብሎ ማለፍና ሌሎች ልናርማቸው የሚገቡ የማስተማር ስህተቶች

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ። ውጤት በወጣ ቁጥር ወሬው ስለ ኩረጃ፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ወላጅ ቸልተኝነት ይሆናል። ሁሉም የየራሱ ድርሻ አለው። እኔ ግን የክፍሉ በር ከተዘጋ በኋላ በዚያች 40 ደቂቃ ውስጥ ስለሚሆነው ማውራት እፈልጋለሁ። መምህሩና ርዕሰ መምህሩ በጀት ሳይጠብቁ፣ ነገ ጠዋት ሊቀይሩት የሚችሉት እሱን ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ምንጫቸው አንድ ይመስለኛል። ምን ያህል ምዕራፍ እንደሸፈንን እንቆጥራለን፤ ልጆቹ ምን እንደያዙ ግን አናይም።

«ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ

«ገባችሁ?»
«አዎ!»

በየትኛውም ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ ብታልፉ ይሄን ትሰማላችሁ። መልሱ ግን ምንም አይነግረንም። በ60 ልጅ ፊት እጅ አውጥቶ «እኔ አልገባኝም» ማለት ከባድ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ያልገባው ልጅ ብዙ ጊዜ የገባው ይመስለዋል።

የክፍልፋይ መደመርን እንይ። መምህሯ ግማሽና አንድ ሦስተኛ እንዴት እንደሚደመሩ ሰሌዳ ላይ አሳየች። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ገብቶናል» አለ። አሁን «ሁላችሁም ደብተራችሁ ላይ ግማሽ ሲደመር አንድ አራተኛ ሥሩ፤ የጎረቤት ማየት የለም» ትበልና በረድፎቹ መሀል ትለፍ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ ደብተር ላይ «ሁለት ስድስተኛ» የሚል መልስ ታገኛለች። ልጆቹ የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደምረውታል። ይሄ ስንፍና አይደለም። ሙሉ ቁጥር ሲደምሩ የለመዱትን ነው ያመጡት።

ከዚህ በኋላ ያንኑ ማብራሪያ ጮክ ብሎ መድገም ዋጋ የለውም። «ሁለት ስድስተኛ ማለት እኮ አንድ ሦስተኛ ነው። ግማሽ ዳቦ ነበረን፤ ሌላ ሩብ ጨመርንበት። ታዲያ እንዴት ከግማሽ አነሰ?» ብሎ መጠየቅ ግን ልጁን ያስቆመዋል። ስህተቱን በራሱ ዓይን ያየዋል። ይሄን ጥያቄ መጠየቅ የሚቻለው ግን ደብተሩ ከታየ ብቻ ነው።

መልስ አለመጠበቅ

ማሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያገኙት ነገር እስከ ዛሬ ይሠራል። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚታገሡት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ነው። ትዕግሥቱ ወደ 3 ሰከንድ ሲያድግ የልጆቹ መልስ ይረዝማል፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ይጀምራሉ። እኛ ጋ ደግሞ ከፊት ወንበር ሁለት ሦስት ልጆች «ቲቸር፣ ቲቸር» ሲሉ እነሱን ጠርተን እናልፋለን። መጀመሪያ ጥያቄው ይምጣ፣ ቀጥሎ ዝምታ፣ ስም መጨረሻ ላይ። ስም አስቀድሞ ከተጠራ የቀረው ክፍል ማሰቡን ያቆማል።

ክፍለ ጊዜውን በኖት መጨረስ

መጽሐፍ በሌለበት ኖት ማስጻፍ ግድ ነው። ይሄን ማንም መምህር ላይ አልፈርድም። ችግሩ ደወሉ እስኪደወል መጻፍ ብቻ ሲሆን ነው። የመጨረሻዋን 5 ደቂቃ አትርፉ። «ደብተር ዝጉ፤ ከዛሬው ትምህርት የምታስታውሱትን በቃላችሁ ጻፉ።» ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ያስታወሱት 42 በመቶ ገደማ ነበር። ከመድገም ይልቅ በቃላቸው ለማስታወስ የሞከሩት ግን 56 በመቶ ገደማ አስታውሰዋል። ቾክ እንኳ የማይጠይቅ ዘዴ ነው።

ተከታታይ ምዘናን ማርክ መሰብሰቢያ ማድረግ

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ሲያመጣ ዓላማው መምህሩ እግረ መንገዱን እያየ እንዲያስተካክል ነበር። ዛሬ በብዙ ቦታ ቴስት ከ10፣ አሳይመንት ከ10፣ ደብተር ከ5 እየተባለ ይደመራል። በቃ። ተራ ቁጥር 3ን ከ60 ልጆች 40ው ከሳቱት፣ ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ መጀመር ያለበት ከዚያች ጥያቄ ነው። ካልሆነ ቴስቱ የልጆቹንም የመምህሩንም ጊዜ በልቷል።

የቡድን ሥራም እንዲሁ ነው። አምስት ልጆች ባሉበት ቡድን አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ አራቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ማን እንደሚያቀርብ መምህሩ እዚያው ይምረጥ፤ ያኔ አምስቱም ይዘጋጃሉ።

ርዕሰ መምህሩ ወረቀት ብቻ ሲያይ

ክትትል ሲባል ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ርዕሰ መምህሩ ቼክሊስት ይዞ ኋላ ይቀመጣል። ዕቅድ አለ? ዓላማው ተጽፏል? መርጃ መሣሪያ ይዟል? ከዚያ «ጥሩ ነው፣ በርታ» ይልና እስከ ሌላ ሴሚስተር አይመለስም።

እባካችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ ከልጅ ጎን ተቀመጡና ደብተር ተመልከቱ። ስትወጡም አሥር አስተያየት አትደርድሩ፤ አንድ ይበቃል። «መምህር፣ ከኋላ የሦስት ልጆች ደብተር አየሁ። ሦስቱም ሁለት ስድስተኛ ብለዋል። ነገ ከየት ቢጀምሩ ይሻላል ይላሉ?» በሳምንቱ ለ10 ደቂቃ ተመልሳችሁ ያንኑ ብቻ እዩ። መምህሩ ልትይዙት ሳይሆን ልትረዱት እንደመጣችሁ የሚያምነው ያኔ ነው።

ጎበዝ መምህርን ሁሉ ወደ ላይ መስደድ

ለ8ኛና ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስለሚያሰጋ ምርጥ የተባለ መምህር ወደዚያ ይላካል። አንደኛ ክፍል «ማንም ያስተምረዋል» ይባላል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ማንበብ ሳይችል ያለፈ ልጅ ባዮሎጂም ታሪክም አይገባውም፤ 12ኛ ክፍል ላይ የሚሰጥ ቱቶሪያልም ብዙ አይደርስለትም። ድልድል ሲሠራ ከትምህርት ቤቱ ጠንካራ መምህራን ቢያንስ አንዷ ፊደል ማስቆጠሩ ላይ ትመደብ።

የሙያ ማሻሻያውን ለፋይል መሥራት

መምህራን ሙያቸውን እያሳደጉ እንዲሄዱ የተዘረጋው ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል። የአምናውን ፖርትፎሊዮ ቀን ቀይሮ ማስገባት ማንንም አያሻሽልም፤ መምህራኑም ይሄን ስለሚያውቁ ይሰለቻሉ። የሒሳብ መምህራን በ15 ቀን አንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ይገናኙ። ሁሉም አንድ ዓይነት አጭር ቴስት ሰጥተው ወረቀቶቹን ይዘው ይምጡ። የትኛው ጥያቄ እንደተሳተ፣ የማን ክፍል ለምን እንደተሻለ አብረው ይዩ። ብቻውን የሆነ የትምህርት ዓይነት መምህር ካለ በጉድኝት ማዕከሉ፣ ማለትም አብረው በተደራጁት የአካባቢው ትምህርት ቤቶች፣ ካሉት ጎረቤቶቹ ጋር ይገናኝ። ሱፐርቫይዘሩም ይሄን ሰዓት ከ60ው ላይ ይቁጠርላቸው።