ሰኞ ያመለጣችሁ ስፖርት ሳምንቱን ይዞ እንዳይሄድ

ስፖርት ጀምራችሁ ብዙም ሳትቆዩ የምታቆሙ የግቢ ተማሪዎች፣ ችግሩ ስንፍና ላይሆን ይችላል። ሁሉን ነገር እንከን የለሽ ማድረግ የሚፈልግ ሰው አንድ ቀን ሲያመልጠው «በቃ ተበላሸ፣ ከሚቀጥለው ሰኞ እጀምራለሁ» ይላል። ከፍ ያለ ግብ መያዝ ብቻውን አይጎዳም። ጉልበት የሚያሳጣው ስህተትን መፍራት፣ ራስን መውቀስና «ሰው ምን ይለኛል» ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ዕቅድ ያዙ። ሙሉው ለምሳሌ 40 ደቂቃ ሩጫ ይሁን። ትንሹን ዶርም ውስጥ ሥሩት፦ 10 ቁጭ ብድግ፣ 8 ፑሽ አፕ፣ 30 ሰከንድ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)፤ ይህን 3 ዙር። ከ10 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። የፈተና ሳምንት ሲደርስ ሳይጨንቃችሁ በፊት ወደ ትንሹ ውረዱ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ «በአንድ ጊዜ ቢያንስ 10 ደቂቃ» የሚለው የቀድሞ ገደብ ግን ቀርቷል። ወደ ክፍል ፈጠን ብሎ መራመድም ይቆጠራል ማለት ነው፤ ይህን ብዙዎች አያውቁትም።

ያመለጠውን በማግስቱ እጥፍ ሠርቶ ማካካስ ይቅርባችሁ፤ ጡንቻ ሁለት ሦስት ቀን ይታመምና ቀጣዩም ይቀራል። ለመጀመሪያው ወር ኪሎ ሜትርና ሰዓት አትመዝግቡ፤ ደብተራችሁ ላይ «ሠርቻለሁ» ብቻ ጻፉ።